ለእማማ ኤልዳና ቤት ሽማግሌ ላክሁ

እኛ ቤት ጠዋት ቀድሞ የሚነቃው በሩ ነው። «እንደምን አደራችሁ» ይልና የዕለቱን የቤታችንን ዋጋ ይነግረናል። ዋጋው ከፍ ካለ ሚስቴ አስካለ ትደነግጣለች፤ ዝቅ ካለ እኔ እሰደባለሁ። ከፍ ማለቱ ገዢ እየተጠጋን ነው ማለት ነው። ዝቅ ማለቱ ፎቁ ተንቋል ማለት ነው፤ ለዚህ ደግሞ ጥፋተኛው እኔ ነኝ፣ ኮሪደር ላይ በቁምጣ ስለምወጣ።

ቤቱ የራሳችን ነው። ግን እንደ ማንኛውም ቤት ሁልጊዜ ገበያ ላይ ነው። አንድ ሰው በሩ የጠራውን ዋጋ ከከፈለ በሩ «ጠቅልሉ» ይላል። ገንዘቡ ይገባልናል፤ በዚያው ገንዘብ ሌላ ፎቅ ላይ ያንኑ የመሰለ ቤት እንገዛለን፤ የዚያ ቤት ሰዎች ደግሞ በተራቸው ይጠቀልላሉ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ግድግዳ ላይ ፎቶ የሚሰቅል ሰው የለም። አልሸሹም ዞር አሉ የተባለው ለኛ ነው። ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሰምቼ አላውቅም። እኔም ጠይቄ አላውቅም፤ ጠያቂ ብሆን ኖሮ ሌላ ሥራ ይኖረኝ ነበር።

ሥራዬ ለሊፍቶች ይቅርታ መጻፍ ነው። ሊፍቱ መሀል ላይ ሲቆም «ውድ ተሳፋሪያችን፣ ስላስጨነቅንዎ ከልብ እናዝናለን» የሚለው የኔ ድርሰት ነው። «ከልብ» የምትለውን ቃል ያስገባኋት እኔ ነኝ፤ በሷ ምክንያት እድገት አግኝቻለሁ። አስካለ ሃያ ዓመት አብራኝ ስትኖር አንድ ይቅርታ ከአፌ ሰምታ እንደማታውቅ ለእንግዳ ሁሉ ትናገራለች። ስንሻው እባላለሁ።

አባቴ ናሆም ይባላል፤ ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው። በነሱ ጊዜ የተወለደ ሁሉ ናሆም፣ ያብስራ፣ ኤልዳና ነው። እነዚህን ስሞች በሰማሁ ቁጥር የከዘራ ድምፅ ይሰማኛል። ለኛ ለልጆቻቸው ደግሞ ባህላችን ይመለስ ብለው ስንሻው፣ አስካለ እያሉ ስም አወጡልን። ባህሉ አልተመለሰም፤ ስሙ ግን እኛ ላይ ቀረ።

ጣጣው ያለው አባዬ ላይ ነው። እኔና አስካለ ስንጠቀልል ልዩነቱ አይታወቀንም። ቤቱ ሁሉ አንድ ነው፤ ብቻ አንዳንዱ ተገልብጦ የተሠራ ስለሆነ በግራ የነበረው መታጠቢያ ቤት በቀኝ ይሆናል። አባዬ ግን በጠቀለልን ቁጥር ከራሱ ላይ አንድ ነገር ይጎድልበታል። ቁም ሳጥን ከፍቶ ይገባና እዚያው ቆሞ ይጠብቃል። ምን እንደሚጠብቅ ሲጠየቅ «እስኪደርስ» ይላል። ባለፈው ዓመት ጠፍቶብን ስንፈልገው ውለን የተገኘው ድሮ በለቀቅነው ቤት፣ የማያውቃቸው ባልና ሚስት አልጋ ላይ ነው። ደጎች ነበሩ፤ ጫማውን አውልቀው ብርድ ልብስ ደርበውለታል። ሲያስረክቡኝ ሴትየዋ «ቤቴ ነው እያለ አለቀሰ» አለችኝ። እኔም እንደ ሙያዬ ከልብ እናዝናለን አልኳት።

ሐኪሟ ነገሩን አልሸፋፈነችውም። «አንድ ቤት ላይ ይርጋ» አለች። «ከእንግዲህ አንዴ ብትጠቀልሉበት፣ እናንተንም አያውቃችሁም።»

ስለዚህ በሩ የማይናገር ቤት መፈለግ ጀመርኩ። ከበረሳ ወንዝ ማዶ ጥቂት አሉ፤ የድንጋይ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣራ፣ መሬት ላይ የተቀመጡ። ባለቤቶቻቸው ሁሉ ሽማግሌና አሮጊት ናቸው። ድሮ ቤት የሚያሻሽጡት ማሽኖች በልጆቻቸው ድምፅ እየደወሉ «እማዬ፣ ቤቱን ሽጪው» ይሏቸው ነበር። ከፊሎቹ ሸጡ። የቀሩት ልጃቸው በእውነት ሲደውልም ማንሳት ተዉ። በመጨረሻ አንዲት እናት የልጇን መርዶ አላምንም ብላ ቀባሪ ከሄደ በኋላ ስትደርስ አገር ተንጫጫና አዋጅ ወጣ፤ የማይሸጥ ቤት መጠየቅ የሚፈልግ ሰው በአካል፣ በአፍ፣ በሽማግሌ ይጠይቅ ተባለ። ልክ እንደ ሚስት። ሦስት ጊዜ መመላለስ ግድ ነው። ከሦስተኛው በፊት ዋጋ አይጠራም። በሦስተኛው አይ ከተባልክ ያ ቤት ላንተ ሞተ።

ፈቃድ ያላቸውን ሽማግሌ ቀጠርኩ፤ ጋሽ ያብስራ ይባላሉ። ኩታቸው እንደ ወረቀት የተተኮሰ ነው። ሙያቸው ጋብቻ ነበር፤ የሚያገባ ሰው ሲጠፋ ወደ ቤት ዞሩ። አዋጁ ሁለት ሽማግሌ ይላል፤ ሁለተኛ ለመቅጠር ደግሞ አቅሜ አልፈቀደም። አባዬን አየሁት። ሽበት አለው፣ ጋቢ አለው፣ ከዘራ አለው።

«አባትህን ለገዛ ራሱ ቤት ፍለጋ ሽማግሌ ልታደርገው?» አለች አስካለ። «አንተ እኮ ጉድ ነህ።»

«ዝም ብሎ ይቆማል፤ ሌላ ምን አለበት?» አልኳት።

ከወንዙ ማዶ የመረጥኩት ቤት የእማማ ኤልዳና ነው፤ በሩ አረንጓዴ ቆርቆሮ ነው። ጋሽ ያብስራ በድንጋይ መቱት። ሲከፈት አጠር ያሉ፣ ቦቲ ጫማ ያደረጉ ሴትዮ ዶሮ በብብታቸው ሸጉጠው ብቅ አሉ።

«ማን ልበል?»

«ለደግ ጉዳይ የመጣን እንግዶች ነን» አሉ ጋሽ ያብስራ።

«ለደግ የሚመጣ ሰው ጫማው አቧራ ይነካዋል። የናንተ ያበራል።» ግን መንገዱን ለቀቁልን። «በሉ ግቡ፤ ቁጭ በሉ።»

«አንቀመጥም እማማ። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።» ጋሽ ያብስራ ይቺን ሲሉ ድምፃቸው ይጎረናል፤ የሚከፈላቸው ለሷ ነው።

አባዬ ግን ግድግዳው ሥር ያለችውን የድንጋይ መደብ አይቶ ዘፍ ብሎ ተቀመጠባት።

«ጋሽ ናሆም! ይነሱ እንጂ! አይቀመጥም እኮ!» ጋሽ ያብስራ በሹክሹክታ ጮሁ።

«አንተ ቁም። እኔ እግሬን ደክሞኛል» አለ አባዬ።

እማማ ኤልዳና ዶሮዋን መሬት ለቀቋትና አባዬን አዩት። ጋሽ ያብስራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ እማማ፣ እርስዎ ጠብቀው ያቆዩት፣ ስሙ የተመሰገነ ቤት አለዎት። እኛ ደግሞ ልጅ አለን። ጨዋ ነው። ሠራተኛ ነው። አይጠጣም…»

«ይጠጣል» አለ አባዬ ከመደቡ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እማማ ኤልዳና ከእግር እስከ ራሴ አጠኑኝ። «ልጁ ይሄ ነው? በሉ ሰባት ቤት ይቁጠርልኝ። ዘሩን ሳላውቅ ቤቴን ለማን ነው የምድረው?»

ቆጠርኩ። ስንሻው፣ ናሆም፣ ደረጄ። እዚያ ላይ ቆምኩ። ከደረጄ ወዲያ ማን እንዳለ ጠይቄ አላውቅም፤ አልኳችሁ፣ ጠያቂ አይደለሁም። ፊቴ ሲቀላ አባዬ ከዘራውን መሬት ላይ ተከለና ቀጠለልኝ፤ «ደረጄ ሸዋንግዛው፣ ሸዋንግዛው ወልደጻድቅ፣ ወልደጻድቅ ኃብተሚካኤል፣ ኃብተሚካኤል እንግዳ።» አንዱንም አልሳተም። መታጠቢያ ቤት የሚጠፋበት ሰውዬ የሞቱትን በተራ አሰልፎ አቆመልኝ።

«ዘሩ ደህና ነው» አሉ እማማ ኤልዳና። «የጎደለው ልጁ ላይ ነው። በሉ፣ አይሆንም ብያለሁ፤ ወጉ ነው፣ መጀመሪያ አይባላል። ለሁለተኛው ስትመጡ ግን ልጁ የሥራ ልብስ ለብሶ ይምጣ። ቤቴን የሚጠይቅ ሰው ቤቴን ይወቀው።»

ጋሽ ያብስራ ስንወጣ እጃቸውን አፋተጉ። «ሥራ ካዘዘችህ አለቀ። ልጅቱም ባል ስታስብ እንዲህ ነው የምታደርገው።»

«የትኛዋ ልጅ?» አልኳቸው።

«ይቅርታ፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

ሁለተኛው ቀን ሲደርስ ጣራ ላይ ወጣሁ። የሚያፈስ ቆርቆሮ ነበረና ምታው ተባልኩ። ሚስማር ከዚያ በፊት በእጄ ይዤ አላውቅም። የመጀመሪያው ተጣመመ፣ ሁለተኛው ጠፋ፣ ሦስተኛው ጣቴን አገኘው። እማማ ኤልዳና ከታች ሆነው «ሚስማሩን ነው ወይስ ቤቱን ነው የምትቀጣው?» ይሉኛል። አንድ ቀዳዳ ደፍኜ ሁለት ከፈትኩ። ነፋሱ ደግሞ የደብረ ብርሃን ነፋስ ነው፤ ቆዳ አልፎ አጥንት ይጠይቃል።

ታች ግን ሌላ ዓለም ነበር። እማማ ኤልዳና ለአባዬ ሲከፍቱለት «ቤት ለእምቦሳ» አሉት፤ አባዬም ሳያስብ «እምቦሳ እሰሩ» አለ። የኛ በር አንድ ዓመት ሙሉ እንደምን አደርክ ሲለው መልሶለት አያውቅም። መደቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው በቆርኪ ዳማ መጫወት ጀመሩ። ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ፤ ሁሉም ወደኔ ጣራ ይደርሳል።

«መብራት ሲጠፋ ትዝ ይልሃል? ሰፈሩ ሁሉ አንድ ላይ ሲያቃስት?»

«ሲመጣስ! እልል ሲባል!»

«የታክሲ ሰልፍስ? እኔ የመጀመሪያ ባሌን ያገኘሁት ሰልፍ ላይ ነው። ቀድሞኝ ሊገባ ሲል በክርኔ መታሁት።»

«እኔ ኮንዶሚኒየም እጣ ስጠብቅ ነው ያረጀሁት» አለ አባዬ። «ሲደርሰኝ ፎቅ ሁሉ ገበያ ላይ ወጥቶ የሁሉ ሆነ። እንኳን ደስ ያለህ ብለው ኬክ ገዙልኝ።»

«ስልክ ፊት ቆመሽ ጨፍረሻል?» ሲላቸውም ሰማሁት። እሳቸውም «ተወኝ እባክህ! ቪዲዮው አሁንም የሆነ ቦታ አለ፤ ስሞት ያወጡታል ብዬ እሰጋለሁ» አሉ። አባዬ ሳቀ። ሳቁን ከረሳሁት ቆይቻለሁ፤ አፉን ይዞ ትከሻው ነው የሚስቀው።

ከዚያ መደቡ ላይ ጋደም አለና እንቅልፍ ወሰደው። ሲነቃ ዙሪያውን አየ። እኔ ጣራ ላይ መዶሻዬን ይዤ ቀረሁ፤ አሁን ይጨነቃል፣ አሁን ያለቅሳል፣ ወርጄ ልያዘው እያልኩ። አባዬ ተነሳ፤ በጎመኑ መደብ በኩል አልፎ፣ ጌሾው ጋ ታጥፎ፣ ሽንት ቤት ገባ። ሱሪውን እያስተካከለ ወጣና በዚያው መንገድ ተመልሶ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ማንም አልመራውም። «ተራው የማን ነበር?» አለ።

ጣራ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ምን ሆንክ ሲሉኝ ጣቴን መትቼ ነው አልኩ።

ያን ዕለት ማታ ወደ ቤት ስንመለስ ይህን ቤት ካልወሰድኩ ሰው አይደለሁም አልኩ። ጋሽ ያብስራን ጠየቅኋቸው። «ከሸጡልኝ እሳቸው የት ይሄዳሉ?»

«ፎቅ ነዋ። ጥሩ ገንዘብ ትሰጣቸዋለህ፣ ፎቅ ይገባሉ።»

«ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው እኮ።»

«ታዲያ በሩ ይነግራቸዋል፣ ምን በየት በኩል እንዳለ።»

እውነት ነው አልኩ ለራሴ፤ በሩ ይነግራቸዋል። ይህን አልኩና ራቴን በልቼ ተኛሁ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባላል፤ እኔ ደግሞ የራሴን ለማብረድ የሰው ቤት ላቃጥል ተነስቻለሁ፣ ያውም በጨዋ ደንብ፣ ሽማግሌ ልኬ።

ለሦስተኛው ጉዞ ጥቂት ሲቀረን፣ አንድ ጠዋት በሩ እንደምን አደራችሁ አላለም። «ጠቅልሉ» አለ። አስካለ ማንኪያ ከእጇ ወደቀ። አባዬ ሰምቶ ተነሳና ቁም ሳጥኑን ከፍቶ ገባ።

እኔ ካርቶን አምጥቼ ሳህን እየጠቀለልኩ የማቀርበውን ንግግር አዘጋጅ ነበር። በይቅርታ እጀምራለሁ፤ እሱ ሙያዬ ነው። ከዚያ ስለ አባዬ እነግራቸዋለሁ፣ አለቅሳለሁም፤ ካስፈለገ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ። አሮጊት ሆዷ ይራራል ብዬ አሰላሁ። አስካለ ንግግሩን ሰምታ «እንባው የቱ ጋ ነው የሚመጣው?» አለችኝ፤ «ዋጋውን ከመጥራትህ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ሌላ ሳህን አነሳሁ።

በዚሁ መሀል በሩ «እንግዳ መጥቷል» አለ። ከፈትኩ። አንዲት ወፈር ያሉ፣ ነጭ የለበሱ ሴትዮ ቆመዋል፤ ከኋላቸው ደግሞ ሁለት ሽማግሎች ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። ሊፍቱ አምስት ጊዜ ይቅርታ ጠይቋቸው በደረጃ ነው የመጡት።

በሩ «እንኳን ደህና መጡ፤ ይህ ቤት ተሸጧል» አላቸው።

«ዝም በል አንተ!» ሴትየዋ በከዘራቸው አንድ አቀመሱት። «ሶሊያና እባላለሁ፤ የኤልዳና ጎረቤት ነኝ።»

«ግቡ፣ ግቡ፤ ቁጭ በሉ» አልኩ።

«አንቀመጥም» አሉ እማማ ሶሊያና። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

አስካለ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። እማማ ሶሊያና ሁለት እጃቸውን ከዘራቸው ላይ አነባበሩ።

«እንግዲህ ልጄ ስንሻው፣ እናንተ ዘንድ ዘሩ የተቆጠረ፣ ስሙ የተመሰገነ አንድ ሰው አለ። እኛም ዘንድ አንዲት ልጅ አለች። ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጨዋ ናት። ባለሙያ ናት። አትጠጣም…»

«ትጠጣለች» አለ አባዬ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ።

አስካለ አፏን ይዛ ዞረች። እኔ ግን ደሜ ፈላ። «እንዴ! ሴት ሽማግሌ ትልካለች እንዴ?»

«ለቤት ሽማግሌ ይላካል እንዴ?» አሉኝ። «ዘመኑ ነው ልጄ። አንተ ቤቷን ጠየቅህ፣ እሷ አባትህን ጠየቀች። ማን ማንን ይታዘባል?»

«እማማ፣ አባቴ እኮ ታሟል። ይረሳል። የሚተኛበት ይጠፋበታል።»

«እሷም አውቃ ነው። ባለፈው ዳማ ሲጫወቱ ስሟን አራት ጊዜ ጠይቋታል። አራት ጊዜ አንድ ወንድ ስሜን ሲጠይቀኝ ከወጣትነቴ ወዲህ የመጀመሪያው ነው ብላ እየሳቀች ነገረችኝ።»

«እኛስ?» አልኩ። ልጅ ሆንኩ፤ ድምፄ ራሱ የልጅ ነበር። «እኔና አስካለስ?»

እማማ ሶሊያና ዞር ብለው ሽማግሎቹን አዩ፤ ሽማግሎቹ መሬት መሬት አዩ። «የላከችኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ላድርስ። አባቱ ይምጣ ብላለች። ልጁና ሚስቱ እሑድ እሑድ ይምጡ፣ ምሳ አበላለሁ። አድረው ግን አይገኙ። ቤት ሊገዛ የመጣ ሰው አንዴ ካደረ፣ ጣራውን በዓይኑ ሲለካ ነው የሚያነጋው፤ ብላለች።»

ልክ ናቸው። እውነቱን ልናገር፣ ያን ጊዜ እንኳ ሁለተኛው ክፍል ለኔና ለአስካለ ይበቃል እያልኩ ነበር።

«አባቴ አይሰጥም» አልኩ።

«ደግ፤ ወጉ ነው፣ መጀመሪያ አይባላል» አሉ ሳይከፋቸው። «ነገር ግን ጠቅልሉ ተብላችኋል። ሦስት ጊዜ ደረጃ ለመውጣት ጊዜውም የለ፣ ጉልበቴም የለ። ባንዴ እንጨርሰው።»

የቁም ሳጥኑ በር ተከፈተ። አባዬ ጋቢውን ደርቦ፣ ፔስታል አንጠልጥሎ ወጣ። ፔስታሉ ውስጥ ያለው ካልሲና የኔ የጥርስ ብሩሽ ነው። አጠገቡ ሄጄ ትከሻውን ያዝኩ።

«አባዬ፣ እውነት እዚያ መኖር ትፈልጋለህ?»

ብዙ አሰበ። ስሜን እየፈለገ ይሁን መልሱን አላወቅኩም። «እዚያ እኮ» አለኝ፣ «ሽንት ቤቱ ጌሾው ጋ ነው።»

ሌላ ምክንያት አልሰጠኝም። እኔም ሌላ አልጠየቅኩትም፤ አሁን ግን መጠየቅ ስለማላውቅ አልነበረም። ወደ እማማ ሶሊያና ዞሬ ራሴን ነቀነቅኩ። አፌ እሺ ለማለት እምቢ ብሎኝ ነው።

«እሰየው! ተመስገን!» አሉና ያኔ ነው የተቀመጡት፤ ሳህን የሞላ ካርቶን ላይ። «አሁን ደግሞ ጥሎሽ ንገሩን። ኤልዳና የጠየቁትን አልነፍግም ብላለች። ይሄ በሽማግሌ ፊት የተነገረ ቃል ነው፤ በአዋጁም የጸና ነው። ምን ትፈልጋላችሁ?»

አስካለ ከኋላዬ ጎኔን ቆነጠጠችኝ። «ከሷ በኋላ ቤቱ ይሁንልን በል» አለችኝ በጆሮዬ። «በል እንጂ!» ላለመዋሸት፣ ሳትነግረኝ በፊትም አስቤው ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። የጠየቁትን አልነፍግም ተብሏል፤ ሽማግሎቹ ምስክር ናቸው። የማይናገር በር፣ መሬት ላይ የተቀመጠ ቤት፣ ማንም የማያነሳን። ስንት ወር የለፋሁበት ነገር ከፊቴ ካርቶን ላይ ተቀምጦ አፌን ይጠብቃል። አፌን ከፈትኩ።

«ሌሊት ሲነሳ በቀኝ በኩል ነው የሚወርደው» አልኩ። «አልጋውን በቀኝ በኩል ግድግዳ እንዳታስጠጉት።»

እማማ ሶሊያና ግራ ገባቸው። «እ?»

«ሽሮ ሲቀጥን አይወድም፤ ግን አይናገርም፣ ዝም ብሎ ይተወዋል። ከተወው ቀጥኖ ነው ማለት ነው። ሲበርደው ጆሮውን ይነካካል። አንዳንዴ ድንገት የት እንዳለ ይጠፋበትና ይደነግጣል። ያኔ አትናገሩት፤ እዚህ ነህ፣ እንዲህ ነው አትበሉት፣ ይብስበታል። እጁን ብቻ ያዙት። ግራውን። የኔን ስም ከጠራ…» በእጁ ያለውን ፔስታል አየሁ። «ከጠራ እሑድ ይመጣል በሉት። ቀኑ እሑድ ባይሆንም።»

ሽማግሎቹ ቀና ብለው አዩኝ። እማማ ሶሊያና ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ደገሙት፤ «በቀኝ ይወርዳል፤ ሽሮ ወፈር ይበል፤ ጆሮ፤ ግራ እጁን…» ከዚያ ሳል አሉና «ሌላስ?» አሉኝ። «ጥሎሽ ነው የጠየቅኩህ ልጄ።»

«ሌላ የለም።»

የአስካለ ጣቶች ጎኔን ለቀቁ። «ሞኝ» አለችኝ፤ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገችና ሄዳ የአባዬን ጫማ አጎንብሳ አሰረችለት። ልጅ ሆና ጫማዋን የሚያስሩላትን ጊዜ አስታወሰች መሰለኝ፤ አባዬ ለሷም እንደ አማት ሳይሆን እንደ አባት ነበር። ፔስታሉን ከፍታ የኔን ብሩሽ አላወጣችውም፤ እኔም አላወጣሁትም።

ሽማግሎቹ አባዬን መሀል አድርገው ወጡ። ኮሪደሩ ላይ ጥቂት እንደሄዱ አባዬ ቆመ። ዞር ብሎ ካርቶኖቹን አየ፣ ባዶውን ግድግዳ አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። ከስንት ጊዜ በኋላ ዓይኑ ጥርት ብሎ ነበር። ልክ ልጅ ሆኜ አምሽቼ ስገባ እንደሚያየኝ አየኝ።

«አንተስ የት ልታድር ነው?» አለኝ።

«ቤት ሞልቷል፣ አባዬ» አልኩት። «አንተ ሂድ፤ ቤት ሞልቷል።»